«ሐሙስ ዕለት ለምን አይነግሩትም?»፦ ልጆቻችን ስለ እምነት ሲናገሩ ከሰማሁት

በእኛ ቤት ቀኑ የሚጀመረው በውዳሴ ማርያም ነው። አማቴ ከእኛው ጋር ስለሚኖሩ ሳይነጋ ተነሥተው የዕለቱን ክፍል በለሆሳስ ይደግማሉ፤ ባለቤቴ በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ያገለገለ ሰው ነው፤ እኔም ከማግባቴ በፊት በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተምር ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅ አፉን የሚፈታው ስለ ጾም፣ ስለ ጠበል፣ ስለ መላእክት ሲወራ እየሰማ ነውና፣ ገና ፊደል ሳይቆጥር ስለ እግዚአብሔር የራሱን ሐሳብ መናገር ይጀምራል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉን። ከተናገሩት ብዙው አስቆናል፤ አንዳንዱ እንግዳ ፊት አሳፍሮናል፤ መልስ ያሳጣንም አለ።

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸው በቤተ ክርስቲያን ወይም በካህን ፊት ያልታሰበ ነገር ሲናገሩ «ዝም በል፣ ኃጢአት ነው» ብለው አፍ የሚያስይዙ፣ አለዚያም በሳቅ ፈርሰው ነገሩን እዚያው የሚተዉ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ ነው። በክፍልም በቤትም እንዳየሁት፣ ልጅ ስለ እምነት የሚናገረው አስቂኝ ነገር ከመሬት ተነሥቶ አይመጣም። እኛ በግማሽ የነገርነውን እርሱ በገባው መጠን ሞልቶት፣ ወይም ለማስፈራሪያ ብለን የጣልነውን ቃል የምር ይዞት ነው። ስለዚህ ጠጋ ብሎ ለሚሰማ ወላጅ፣ ልጁ የትኛው ነገር ደርሶት የትኛው ተጣሞ እንደ ገባው የሚያሳውቀው ይኸው የሚያስቀው ንግግር ነው።

የመጀመሪያው የወንዱ ልጃችን ነው። አራት ዓመት ገደማ ሳለ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «እማዬ፣ እግዚአብሔርና አያ ጅቦ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» አለ። ማዕዱ ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በሕፃናት ክፍል የተማርኩት አንድ ልማድ ስላለኝ ከመመለሴ በፊት መልሼ ጠየቅሁት። «አንተስ ማን ያሸንፋል ትላለህ?» ስለው እጁን ከሳህኑ አንሥቶ አሰበና፣ «አይገናኙም እኮ። ጅቡ የሚመጣው ማታ ነው፤ እግዚአብሔር የሚቆጣው ደግሞ ቀን ነው» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ማታ አልተኛም ሲል «አያ ጅቦ ይመጣል» ይባላል፤ ቀን ሲያጠፋ ደግሞ ቤት የሚያግዘንም ሰው ሆነ ጎረቤት «እንዲህ ካደረግህ እግዜር ይቆጣል» ይለዋል። ልጁ ሁለቱን በፈረቃ የሚሠሩ ዘበኞች አድርጎ ነው የተረዳቸው። እግዚአብሔር ጅቡንም እንደ ፈጠረው፣ ማታም ሆነ ቀን እንደሚጠብቀው፣ ማታ ላይ ደግሞ በተለይ አብሮት እንዳለ ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የእግዚአብሔር ስም ለማስፈራሪያ እንዳይጠራ ተስማማን። አማቴ ለዚህ ይቸገራሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «እውነትሽን ነው፤ እኛ በጅብ ነው ያደግነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጨለማ እንፈራለን» ብለው ከሁላችን በፊት ተቀበሉ። ያስቸገሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነሱን ዛሬም በጨዋ ቃል ከማሳሰብ በቀር ያገኘሁት መላ የለም።

ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩት የሚያናግራቸው ጊዜም አለ። ቅዳሴው በአብዛኛው በግዕዝ ስለሆነ ሕፃን ልጅ ሰዓቱን የሚገፋው ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ ነው። ልጄ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል አስተውሎ፣ አንድ እግር ብቻ ለምን እንደ ቀረላቸው ሲጠይቅ አያቱ ታሪኩን ነግረውት ነበር፤ ብዙ ዘመን ቆመው ሲጸልዩ አንዱ እግራቸው እንደ ተሰበረና ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው። የነገሩት በደንብ ነው፤ ልጁም በደንብ ሰምቷል። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴው ረዘም ሲልበት ነጠላዬን ጎተተና ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እማዬ፣ እግሬ ደክሞኛል፤ ክንፉ መቼ ነው የሚወጣው?» አለኝ። ከፊታችን የቆሙት ሁለት እናቶች ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወደ ውጭ አወጣሁትና ዛፍ ሥር ተቀምጠን እንዲያርፍ አደረግሁ። ክንፍ የደከመው ሁሉ የሚያገኘው ነገር እንዳልሆነ፣ ሕፃን ልጅ ሲደክመው መቀመጥ እንደሚችልና እግዚአብሔርም እንደማያዝንበት ስነግረው፣ ፊቱ ላይ ያየሁት ከቅሬታ ይልቅ እፎይታ ነው። ለካስ ክንፉን ከመመኘት ይልቅ እግሩን እንዳያጣ ፈርቶ ኖሯል! ቅዳሴ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚቆይ ነውና፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ መሀል ላይ ወጣ ብሎ አየር ቢወስድ ነውር የለውም እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

ሥዕልን በተመለከተ ከልጆቹ ጋር ብዙ ያወራንበት ሌላም ነገር አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕልና አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተስበው ወደ ደብረ ዳሞ አናት ሲወጡ የሚያሳየው ሥዕል በአጥቢያችን በአንድ ግድግዳ ላይ ተቀራርበው ተሥለዋል። ልጅቷ ሁለቱን እያፈራረቀች ካየች በኋላ፣ «ያንኛው ዘንዶ ለምን ተገደለ? ይሄኛው እኮ ሥራ ይሠራል» አለች። አባቷ ያኛው ሰው የሚበላ እንደ ነበር፣ ይሄኛው ግን እንዲያወጣቸው የታዘዘ እንደሆነ፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን ይዞ ይጠብቅ እንደ ነበር ነገራት። ደብረ ዳሞ ትግራይ ውስጥ ያለ ገዳም መሆኑን፣ ዛሬም ወንዶች በገመድ ተጎትተው እንደሚወጡበት ሲጨምርላት፣ «ዘንዶውስ ጡረታ ወጣ?» ብላ ጠየቀች። አያቷ ጡረታቸውን በየወሩ ሊቀበሉ ሲሄዱ አብራ ስለምትሄድ ቃሉን ከዚያ ነው ያመጣችው። ይህ ዓይነቱ ንግግር የሚታረም ነገር የለውም፤ ሰው ስቆ ማለፍ ያለበት እንዲህ ያለውን ነው።

የቅዳሴውን ቃል ትርጉም ማስረዳትም የራሱ መዘዝ አለው። ልጅቷ ከፍ ስትል ዲያቆኑ ምን እንደሚል መጠየቅ ጀምራ ነበርና፣ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ማለት «የተቀመጣችሁ ተነሡ» ማለት እንደሆነ ነገርናት። ዘወር ዘወር ብላ አየችና፣ «ሁሉም ቆሟል እኮ፤ ለማን ነው የሚለው?» አለች። ከዚያ ጥግ ላይ ጉልበታቸውን አሟቸው በርጩማ ላይ የተቀመጡ እናት ስታይ ችግሩ ተፈታላት። ሄዳ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ነው፤ ተነሡ ብሏል» አለቻቸው። እሳቸውም ሳይቀየሙ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ ብለው ሊቆሙ ሲሞክሩ ሮጬ ደረስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ባለቤቴ፣ ቁሙ የሚባለው እግር ብቻ ሳይሆን ልብም እንደሆነ፣ እኒያ እናት በልባቸው ከሁላችን ቀድመው የቆሙ መሆናቸውን አስረዳት። «ታዲያ የእኔ ልብ ተቀምጦ ነበር?» አለችው። እርሱም «የእኔም አንዳንዴ ይቀመጣል» አላት፤ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ አላት።

ከሁሉ ይበልጥ ከባድ የሆነብን ጥያቄ የመጣው ግን በጫማ ሰበብ ነው። ለበዓል የተገዛለትን ጫማ ልጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አውልቆ ገባ፤ ስንወጣ የለም። ሙሴን ያነጋገረው ድምፅ «የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ምድር ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ» እንዳለው ስለነገርነው ማውለቁን ያለ ምንም ማንገራገር ነበር የሚያደርገው። አሁን ግን በካልሲው ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ቦታው ቅዱስ ከሆነ ሌባው እንዴት ገባ?» አለ። እያለቀሰ ነበር። «ቤት ሄደን ሌላ እንገዛለን» ብሎ ማባበል ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልጁ የጠየቀው ግን ስለ ጫማው አልነበረም። አማቴ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡት። ቤተ ክርስቲያን ለጥሩ ሰው ብቻ ብትከፈት ማንም እንደማይገባባት፣ ሌባም ሊጸልይ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከጌታችን በስተቀኝ የተሰቀለውም ወንበዴ እንደ ነበርና «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» እንደ ተባለ ነገሩት። አለቀሰ፣ አሰበ፣ አፍንጫውን ጠረገ። «ገነት ሲገባ ጫማዬን አድርጎ ነው የሚገባው?» አለ። «መጀመሪያ ይመልሳል እንጂ!» አሉት። የዘኬዎስን ታሪክም ጨመሩለት፤ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን። አራት እጥፍ የሚለው አሳቡን ለወጠው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ አራት ጫማ ይዞ የሚመጣ ሰው መኖሩን ይቃኝ ነበር። በበኩላችን ጫማዎቻችንን በፌስታል ይዘን መግባት ጀመርን። እሱ ይህንንም ተቃውሞ፣ «ሰውየው ሊመልስ ቢመጣ የት ያገኘናል?» አለ።

ጾምን በተመለከተ ልጆች ሕግ ዐዋቂዎች ናቸው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት፣ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብዙ ሕፃናት ለመቁረብ ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉና የእኛዎቹም የጾም ትምህርት የጀመሩት በዚያ ነው። ብስኩት ሲገዛ «የጾም ነው?» ብለው ባለሱቁን ያፋጥጣሉ። ጎረቤታችን ያሉት ሙስሊም ቤተሰብ ረመዳንን ሲጾሙ ደግሞ ልጄ የእነርሱን ልጅ ጠይቆ አጣርቶ መጣ። እነርሱ ቀን አይበሉም፣ ማታ ግን ሥጋም ወተትም ይፈቀዳል፤ እኛ ቀን እንበላለን፣ ሥጋና ወተት ግን የለም። «ስለዚህ» አለ፣ «ቀን እዚህ በያይነቱ እበላለሁ፤ ማታ እነሱ ቤት ሳምቡሳ እበላለሁ። ሳምቡሳው የምስር ነው፤ ጠይቄአለሁ።» የሁለቱን ቤት ሕግ ሳይጥስ ቀኑን ሙሉ የሚበላበትን መንገድ ማግኘቱ ነው። የጎረቤታችን እናት ይህን ስነግራቸው ስቀው፣ በማግሥቱ ማፍጠሪያው ሲደርስ የምስር ሳምቡሳ በሳህን ሸፍነው ላኩ። በቃሉ ውስጥ ያለውን ብልጠት ትተን የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለምን የሚጾም ይመስልሃል ብለን። «እናቱ ስለምትለው» አለ። ጾም ምግብ መለየት ብቻ እንዳልሆነ፣ ያልበላነውን ለሌላ ሰው ማካፈልም እንዳለበት የተነጋገርነው ከዚህ መልሱ ተነሥተን ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ለለመነው ልጅ የራሱን ዳቦ ሰጠ፤ ዳቦው የእኅቱ እንደ ነበር በኋላ ተደረሰበት።

የልጅቷ ግን ከዚህ የባሰ ነው። ጾመ ነነዌ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚጾም ነው። በዚያ ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤት የዮናስን ታሪክ ሰምታ ስትመጣ፣ ከዓሣ አንበሪው ይልቅ ልቧ ላይ የቀረው የነነዌ ንጉሥ ላሞችና በጎችም እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ማዘዙ ነው። ሰኞ ጠዋት ድመታችን በሩ ላይ ሆና ያለማቋረጥ ስትጮህ የወተት ሳህኗ አልጋ ሥር ተደብቆ ተገኘ። ልጅቷ ድመቷ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ቻይው» እያለች ታጽናናታለች። አያቷ፣ «ልጄ፣ የነነዌ ሰዎች በድለው ነው፤ ድመቷ ምን አደረገች?» አሏት። «ትናንት ከድስቱ ሥጋ ሰርቃለች» አለች፤ እውነትም ሰርቃለች። አማቴ ለዚህ የሚሆን መልስ ሲያጡ እኔ ገባሁ። በዚያ ዘመን እንስሳቱን ያስጾማቸው ጌቶቻቸው መደንገጣቸውን ለማሳየት እንደ ነበር፣ እግዚአብሔርም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለዮናስ ስለ እንስሳቱም ጭምር እንደሚራራ እንደ ነገረው አነበብኩላት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስለ ሰዎቹ ከተናገረ በኋላ «ብዙ እንስሶች»ንም የሚያነሣ መሆኑን ትልልቅ ሰዎች ልብ የማይሉት ነገር ነው። ሳህኑ ከአልጋ ሥር ወጣ። ለማካካሻ ነው መሰለኝ፣ የዚያን ቀን የራሷን የጾም ሰዓት በአንድ ሰዓት አራዘመች።

ካህን ቤት ሲመጣ የሚሆነውን ያለፈበት ያውቀዋል። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ በመጡ ቀን ልጁ ደጅ ድረስ ወጥቶ መስቀል ተሳለመና፣ «አባ፣ ቶሎ ይግቡ፤ እማዬ እርስዎ ሳይመጡ ቴሌቪዥኑን አጥፉ ብላ አጥፍተናል» አላቸው። ከዚያም ጠበሉን ሲረጩ ተከትሏቸው እየሄደ፣ «ወደዚህ አይርጩ፣ ይበላሻል» እያለ በሁለት እጁ ቴሌቪዥኑን ከለለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባታችን ግን ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ጠበሉ ለቴሌቪዥኑ አይደለም፤ ለሚያየው ነው» ብለው በእሱ ራስ ላይ ጠብ አደረጉለት፤ ወደ እኔም ዞር ብለው በተራዬ ረጩኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ልጁን ከሄዱ በኋላ አልተቆጣሁትም። እውነት የተናገረን ልጅ እውነት በመናገሩ ከቀጣነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጣው ውሸት ነው፤ ያውም በካህን ፊት።

ስለ አጠራር የተነሣውን ነገር እስከ ዛሬ የምናወራው ነው። ልጅቷን አባታችንን «እርስዎ» እንድትል አስተምረናታል። አንድ ምሽት አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ስንጨርስ፣ «እማማ፣ አባን እርስዎ በይ ትሉኛላችሁ፤ እግዚአብሔርን ግን ‹መንግሥት ያንተ ናትና› እንለዋለን። አባ ይበልጣሉ ማለት ነው?» አለች። ባለቤቴ የድቁናው ዕውቀት ተቀስቅሶበት፣ በግዕዝ አንድን ሰው ለማክበር ብቻ የሚለይ እንዲህ ያለ አጠራር እንደሌለ፣ ጸሎቱም ከዚያ እንደ መጣ ማብራራት ጀመረ። ልጅቷ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ሆነ። አያቷ አቋረጡትና፣ «ለአባትሽ ምን ትያለሽ?» አሏት። «አንተ።» «ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? ለምን እርስዎ አትይውም?» «የእኔ አባት ነዋ!» «በቃ፣ እኔም እግዚአብሔርን የምጠራው እንደዚያ ነው» አሏት። መልሱ አረካት፤ ለጊዜው። ሊተኙ ሲሉ ግን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ራሷን ብቅ አድርጋ፣ «አባም እኮ የንስሐ አባታችን ናቸው» አለች። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም፤ «እሱን ነገ» ብለን መብራቱን አጠፋን። ባለቤቴ ነገሩን ለአባታችን ለራሳቸው አንሥቶላቸው ነበር፤ «ትበለኛ፤ ከእሷ አንተ መባል ምን ይጎዳኛል?» አሉት። እኛ ግን አልፈቀድንላትም።

በሐዘን ጊዜ የሚነገረው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ወንዱ ልጃችን ገና ትንሽ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሊያጽናናው ብሎ፣ «አያትህ ተኝቷል» ይለዋል። ማታ ላይ፣ «አያቴ ሲነቃ በሩን ማን ይከፍትለታል?» ብሎ ጠየቀ፤ ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው፤ የተኛ ሰው እንደሚቀበር ተረድቶ ነበር። ባለቤቴ አስቀምጦ በግልጽ ነገረው። አያትህ ሞቷል፤ ሥጋው አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፤ ነፍሱ ወደ እግዚአብሔር ሄዳለች፤ ትንሣኤንም እንጠብቃለን፤ ማታ መተኛት ግን ሌላ ነው፣ ጠዋት ሁላችንም እንነሣለን። «ሞተ» የሚለውን ቃል ከልጅ ፊት መሸሽ በሃይማኖተኛ ቤት ብርቱ ልማድ ነው፤ «ዐረፈ»፣ «ተጠራ»፣ «ተኛ» እንላለን። ለትልቅ ሰው የሚያጽናናው ቃል ለሕፃን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። በአርባው ተዝካር ሲወጣ ለነዳያን የሚቀርበውን እንጀራ አይቶ፣ «ይህን ሁሉ አያቴ ሊጨርሰው?» ሲል የሳቅነው ከልባችን ነው፤ እሱም በዚያ ምሽት ያለ ምንም ጭቅጭቅ ተኛ።

የርዕሱን ጥያቄ የጠየቀችው ልጅቷ ናት፣ በጸሎተ ሐሙስ። ጉልባን ቀርቦ፣ አያቷ የነገውን የስቅለት ታሪክ እየነገሯቸው ሳለ ጉልባኑን ማላመጧን አቁማ፣ «ባለፈው ዓመትም ዓርብ ቀን ነው የሰቀሉት» አለች፤ «ሐሙስ ዕለት ለምን አይነግሩትም?» ወንዱ ልጃችን ጌታ ወንድሙ የሆነ ይመስል ተቆርቁሮ፣ «ያውቃል እኮ!» አላት። «ካወቀ ለምን አይሸሽም?» ይህን ለመመለስ ቸኩዬ አልተናገርኩም። ባለፈው ዓመት የነገርናት በደንብ ገብቷት ነበር፤ የጎደለው አንድ ነገር፣ ነገሩ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አለመንገራችን ነው። በየዓመቱ ልደትሽን እናከብራለን፣ አንቺ ግን የተወለድሽው አንዴ ነው አልኳት፤ እርሱም አውቆ፣ ወዶ፣ ስለ እኛ ሲል አልሸሸም አልኳት። ሁለተኛውን ገና እያሰበችበት እንደሆነ ከፊቷ ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያውን ግን አጥብቃ ያዘችው። በማግሥቱ በስቅለት፣ ስግደቱ መሀል፣ አጠገባችን አንዲት እናት እንባቸው ሲወርድ አይታ ክንዳቸውን ነካ አደረገችና፣ «አይዞዎት፣ ድሮ ነው የሆነው፤ እሑድ ይነሣል» አለቻቸው። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ መለየት አቃተኝ። ዝም አላሰኘኋትም። ያለችው ነገር ትክክል ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ሕግ የያዝነው ነገር ቢኖር ንግግሩን በልጁ ፊት ለእንግዳ አለመድገም ነው። በማኅበር ዝክር ላይ፣ «እስኪ ያንን ለእማማ ንገራቸው» ተብሎ ሲታዘዝ ልጁ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ለማሳቅ ነው፤ ጥያቄው ይሞታል። በሕፃናት ክፍል እንዲህ የተበላሸ ልጅ አይቻለሁ፤ ስለ ሲኦል ስጠይቅ ጓደኞቹ መሳቃቸውን ቀና ብሎ ያይ ነበር። እኛ ብናወራው እንኳ ልጆቹ ሲተኙ ነው፤ ወይም በስልክ፣ ከእኅቴ ጋር። እኅቴ የምትኖረው አሜሪካ ስለሆነ የእርሷ ቤት ጥያቄዎች መልካቸው ሌላ ነው። ሴት ልጇ ግዕዙን በቤተ ክርስቲያን፣ አማርኛውን በቤት ትሰማና፣ በእንግሊዝኛ ታስባለች። «እግዚአብሔር እንግሊዝኛ ይችላል ወይስ አንቺ ትተረጉሚለታለሽ?» ብላ ጠይቃታለች። እኅቴ የጰራቅሊጦስን ዕለት፣ ሐዋርያት በየሰው ቋንቋ የተናገሩበትን ታሪክ አንብባላታለች። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ የማታ ጸሎቷን ግማሹን በእንግሊዝኛ ታደርሳለች፤ ስለ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ የሚሆነውን ክፍል።

መልሱን የማናውቀው ሲመጣ ደግሞ አናውቅም ብለን ለሚያውቅ እናቆየዋለን፤ ለዚህ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ ጥያቄው ተጽፎ አባታችን ሲመጡ ይነበብላቸዋል። አሁን ያለው ልጁ ያጻፈው ነው። እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዐረፈ ተብሏል፤ እሑድ ዕለት ግን ሁሉም ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ እየጠራው ነው፤ ታዲያ መቼ ነው የሚያርፈው? ከሥሩ በአያቱ የእጅ ጽሕፈት፣ «ቅዳሜስ?» የሚል ተጨምሮበታል። አባታችን በ21 ለማርያም ዝክር ይመጣሉ፤ እስከዚያ ማንም መልስ እንዳይሞክር ተባብለናል።